ስምንተኛው ቤት

ደሴ፣ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በመስታወት በተከለለው የብድር ክፍል፤ ረፋድ ላይ ጡረተኛው የተሳቢ መኪና ሹፌር ጋሽ ቢተው ከእህታቸው ልጅ፣ ከብድር ሠራተኛው ከይታገሱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

ጋሽ ቢተው፦ አንዲት ቁልፍ መጫን ምን ይከብድሃል? ስሙን ጻፍ፣ እይ፣ ንገረኝ፣ ዝጋ። አለቀ።

ይታገሱ፦ ጋሼ፣ አይቻልም አልኩ እኮ።

ጋሽ ቢተው፦ አይቻልም የሚባለው ለባዳ ነው። እኔ አጎትህ ነኝ።

ይታገሱ፦ ማሽኑ ባዳና ዘመድ አይለይም። የሰው የብድር መረጃ የሚከፈተው ሰውየው ራሱ ብድር ጠይቆ፣ "እዩኝ" ብሎ ሲፈርም ነው። በዘመድ ብከፍት ማን እንደከፈተ፣ መቼ እንደከፈተ እዚያው ይጻፋል። በነጋታው ደጅ ነኝ።

ጋሽ ቢተው፦ ልጄን ልድር ነው አልኩህ እኮ! ማስተዋልን! የናሆም ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው "ቆዩን" ብያቸዋለሁ። እሁድ ለሦስተኛው ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማቆየት ነውር ነው። በአባቱም በእናቱም ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ። ኮረም ድረስ ሰው ልኬ አስጠይቄያለሁ። ዘሩ ጥሩ ነው። የቀረኝ ስምንተኛው ቤት ነው፤ እሱም ይኸው ያንተ ቢሮ።

ይታገሱ፦ ባንክ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው ማን ነገረዎት?

ጋሽ ቢተው፦ ጋራዥ ቁጭ ብለን ስንጫወት ሰማሁ። የአንዱ ወዳጄ ልጅ ለሚኒባስ መግዣ ብድር ጠይቆ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ "አዲስ አበባ የተበደርከውን ሳትከፍል እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?" አሉት። አዲስ አበባ የሠራኸውን ደሴ ላይ የሚያውቅ እግዜርና እናንተ ብቻ ናችሁ።

ይታገሱ፦ እኛማ በራሳችን አናውቅም። አንድ የመረጃ ማዕከል አለ። ባንኩ ሁሉ ማን እንደተበደረ፣ በጊዜው ከፍሎ እንደሆነ፣ ለማን ዋስ እንደገባ ለዚያ ማዕከል ያሳውቃል። አዲስ ሰው ብድር ሲጠይቀን እኛም ማዕከሉን እንጠይቃለን። ማዕከሉ ስጡ አትስጡ አይልም፤ ያለውን ነው የሚናገረው። የሚፈርደው አበዳሪው ነው።

ጋሽ ቢተው፦ ድሮ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል ነበር። አሁን ለጅብም አገር ጠፋ በለኛ!

ይታገሱ፦ በራሱ ስም ከመጣ ነዋ። በሰው ስም ከመጣስ?

ጋሽ ቢተው፦ በሰው ስም ማለት?

ይታገሱ፦ እንዲያው ነው። ሻይ ላስመጣልዎት?

ጋሽ ቢተው፦ ሻይህን ተወውና ወሬህን ጨርስ።

ይታገሱ፦ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዳገት በዚያ ጉልበትዎ እንዴት ወጡት?

ጋሽ ቢተው፦ ምን ያወጣኛል፣ ናሆም አደረሰኝ እንጂ። ጡረታዬን ላወጣ ነው ብዬው ነው። ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቀኛል።

ይታገሱ፦ እዚህ? አሁን?

ጋሽ ቢተው፦ ምነው ደነገጥክ? ስለ እሱ ልጠይቅ መጥቼ በእሱ መኪና መምጣቴ አሳፈረህ? ነዳጅ ተወዷል ልጄ!

ይታገሱ፦ እኔ የእህትዎ ልጅ መሆኔን ያውቃል?

ጋሽ ቢተው፦ መቼ አይቶህ ያውቃል? ለቤተ ዘመድ የማስተዋውቀው እሁድ ነው።

ይታገሱ፦ እንኳን አላስተዋወቁን።

ጋሽ ቢተው፦ አንተ ልጅ፣ ዛሬ ነገርህ ሁሉ ጎርበጥባጣ ነው።

ይታገሱ፦ እንዴት ነው ሲነዳ?

ጋሽ ቢተው፦ ይኸ ጥያቄ ደህና ነው። አርባ ዓመት አሰብ መስመር ላይ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ሰውን በንግግሩ ሳይሆን በመሪ አያያዙ ነው የማውቀው። እጁ ደህና ነው። ግን ፍሬን ያበዛል። ደግሞ ከፊቱ ይልቅ በመስታወት ኋላውን ያያል።

ይታገሱ፦ እንዲህ ያለ ሹፌር ምን ይባላል?

ጋሽ ቢተው፦ ወይ ጀማሪ ነው፣ ወይ የሚከተለው አለ።

ይታገሱ፦ ናሆም ጀማሪ ነው?

ጋሽ ቢተው፦ …አይደለም።

ይታገሱ፦ ጋሼ፣ የሌላ ሰው ስም መጠየቅ አይችሉም። የራስዎን ግን መብትዎ ነው። ይኼን ቅጽ ይፈርሙና የራስዎን ይጠይቁ።

ጋሽ ቢተው፦ የኔን! ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከእድር ድንኳን በቀር የሰው ነገር ተውሼ የማላውቅ ሰውዬ ነኝ። የኔ ስም እዚያ ምን ሊሠራ ይገባል?

ይታገሱ፦ ሰው ባይበደርም ስሙ ሊገባ ይችላል። ዋስ ሆኖ ሊገባ ይችላል። ቤቱ መያዣ ሆኖ ሊገባ ይችላል።

ጋሽ ቢተው፦ ቤቴ እንደሆነ የትም አልሄደም። ጠዋት ከእሱ ውስጥ ነው የወጣሁት።

ይታገሱ፦ ካርታውስ?

ጋሽ ቢተው፦ ካርታውም አለ።

ይታገሱ፦ የት?

ጋሽ ቢተው፦ ናሆም ጋ። ወደ አዲሱ ካርታ ይለወጥ ተባለ አይደል? እኔ በዚህ ጉልበቴ ማዘጋጃ ቤት ለማዘጋጃ ቤት ልንከራተት? "አባባ፣ ልጅዎ እያለሁ!" ብሎ ወሰደው። የወለድኩት እንኳ እንዲህ አላለኝም።

ይታገሱ፦ በቃል ነው የሰጡት?

ጋሽ ቢተው፦ በቃልማ ማን ይቀበለዋል? በውክልና ነው።

ይታገሱ፦ ውክልናው ሲነበብ ሰምተዋል?

ጋሽ ቢተው፦ የውልና ማስረጃዋ ልጅ አነበበችው። ፈጠን ፈጠን አድርጋ። "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣነት እንዲያሲዝ" የሚል ነገር ነበረው። የማንም ሰው ውክልና እንዲያ ነው የሚለው፤ እንደ ጸሎት ማሳረጊያ ነገር መሰለኝ። "ገብቶዎታል?" አለችኝ። አጠገቤ ቆሟል እኮ! ሽማግሌ ልኮ ደጄ የቆመን ልጅ፣ ሰው ፊት "ይቺን ቃል አውጡልኝ" ብዬ ሌባ ላድርገው? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?

ይታገሱ፦ ገብቶኛል አሉ።

ጋሽ ቢተው፦ ገብቶኛል አልኩ። …እናትህ ይኼን ብትሰማ ትስቅብኛለች።

ይታገሱ፦ ማንም አይስቅም ጋሼ።

ጋሽ ቢተው፦ ባለቤቴ ዘነበች በሕይወት ኖራ ቢሆን፣ ያለ እሷ ፊርማ አይሆንም ነበር። እሷ ደግሞ ሳታነብ የእድር ደረሰኝ እንኳ አትቀበልም ነበር። …ቆይ፣ ስልኬ ነው። ሃሎ? አቤት ልጄ። አዎ፣ ወረፋ አለ። አይ፣ አይ፣ አትቸገር። …እንዴት? እሺ። እሺ ልጄ።

ይታገሱ፦ ምን አለ?

ጋሽ ቢተው፦ "ሥራ አስኪያጁን አውቀዋለሁ፣ ልግባና ቶሎ ላስጨርስልዎት" አለኝ። …ሥራ አስኪያጁን ከየት ያውቀዋል?

ይታገሱ፦ እዚህ ጋ ይፈርሙ። ቶሎ።

ጋሽ ቢተው፦ ይኸው። በል አንብብ።

ይታገሱ፦ "አቶ ቢተው አየልኝ። በስማቸው የተወሰደ ብድር፦ የለም። ያልተከፈለ ዕዳ፦ የለም።"

ጋሽ ቢተው፦ እሰይ! አላልኩህም? መልካም ስም ከመልካም ሽቱ ይሻላል። አስደንግጠኸኝ ነበር፣ አንተ ክፉ!

ይታገሱ፦ አልጨረስኩም። ከታች ደግሞ ስምዎን ማን እንደጠየቀ ይጽፋል። አበዳሪ የሰው ስም ባየ ቁጥር ዱካው እዚያ ይቀራል። በዚህ ወር ውስጥ ሦስት ባንክ ስምዎን አይቷል።

ጋሽ ቢተው፦ እኔ የመጣሁት አንድ ባንክ፣ እሱም ዛሬ!

ይታገሱ፦ ምክንያቱን ያድምጡ። "ለሌላ ሰው ብድር ቤታቸውን በመያዣነት ስላቀረቡ።"

ጋሽ ቢተው፦ ለማን ብድር?

ይታገሱ፦ የተበዳሪውን ስም መናገር አልችልም።

ጋሽ ቢተው፦ ይታገሱ!

ይታገሱ፦ አልችልም ጋሼ። እኔ መናገር አልችልም እንጂ እርስዎ ማወቅ ይችላሉ።

ጋሽ ቢተው፦ …ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። …ያ ልጅ እኮ ጫማዬን አጎንብሶ ነው የሚያስርልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባንኮች ምን አሉት?

ይታገሱ፦ እዚህ ላይ አይጽፍም። ግን ሰው ሦስተኛ ባንክ ደጅ ከቆመ…

ጋሽ ቢተው፦ ሁለቱ መልሰውታል። ቤቴ ከአስፋልት ዳር የተሠራ ግንብ ነው፣ ቤቱን ጠልተው አይደለም። የባለቤቱም ስም ንጹሕ ነው፤ አንተ አሁን አንብበህልኛል። የቀረው የተበዳሪው ስም ነው። የእሱን ማኅደር ከፍተው አይተው ነው የሸሹት።

ይታገሱ፦ እኔ አላልኩም።

ጋሽ ቢተው፦ አንተ አላልክም። እኔ ነኝ ያልኩት። ሦስተኛውስ የት ነው?

ይታገሱ፦ የተቀመጡበት።

ጋሽ ቢተው፦ ምን አልክ?

ይታገሱ፦ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዶሴውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ "ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴ አለ፣ ጥሩ አድርገህ ጻፍና አስገባ" አለኝ። ማዕከሉ የመለሰልን መልስ ዶሴው ውስጥ ታስሯል፤ እሱንም አይቶታል። አይቶት ነው ጥሩ አድርገህ ጻፍ ያለኝ።

ጋሽ ቢተው፦ እና ከገባሁ ጀምሮ ታውቅ ነበር! ዘር ስቆጥርልህ፣ ስለ ኮረም ስቀባጥር፣ ቁጭ ብለህ ስትሰማኝ!

ይታገሱ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ ጋሼ። ጠዋት የመያዣው ባለቤት ስም ላይ ስደርስ ዶሴውን ከደንኩት። አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ልደውልልዎት ስልኬን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ፈርቼ ነው። ቀና ስል እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጋሽ ቢተው፦ …ልጄ አዲስ ቀሚስ እያሰፋች ነው። ትናንት ማታ ጥለቱን አሳየችኝ። እሷን የፈለጋት ለዚህ ነው?

ይታገሱ፦ ያንን ማዕከሉም አያውቅም።

ጋሽ ቢተው፦ እሁድን ባሳልፍ ኖሮስ? ከእሁድ በኋላ አማች ነው። አማችን ማን ይከሳል? ቤቴ ሐራጅ ሲወጣ እነዚያው ሽማግሌዎች መጥተው "ለልጅህ ስትል ዝም በል" ይሉኝ ነበር። እኔም ዝም እል ነበር። አውቀዋለሁ እኔን።

ይታገሱ፦ አሁን እንዳይዞሩ።

ጋሽ ቢተው፦ ገባ?

ይታገሱ፦ ገባ። አዳራሹ መሀል ቆሞ ይፈልግዎታል።

ጋሽ ቢተው፦ አንተ እንቢ ብለህ ብትጽፍስ?

ይታገሱ፦ ዶሴውን ከኔ ወስደው ለሚጽፍ ይሰጡታል። እኔ ላቆመው አልችልም፤ እርስዎ ግን ይችላሉ። ውክልናው ከተሻረ መያዣ የለም። መያዣ ከሌለ ሥራ አስኪያጁም ኮሚቴውም ምንም አይፈይዱም። ከስምንት ሰዓት በፊት ማኅተም ያለበትን መሻሪያ አምጥተው መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ነካሁ የሚል አይኖርም።

ጋሽ ቢተው፦ ውልና ማስረጃ ከዚህ ሩቅ ነው።

ይታገሱ፦ በጓሮ በር ላስወጣዎት፣ ባጃጅ እጠራለሁ። አየን። እጁን ያወዛውዛል።

ጋሽ ቢተው፦ ፊቱ እንዴት ነው?

ይታገሱ፦ ይስቃል። …አሁን ከመስታወቱ በላይ የተጻፈውን አነበበ። የብድር ክፍል መሆኑን አየ።

ጋሽ ቢተው፦ አሁንስ?

ይታገሱ፦ አሁን አይስቅም። ወደዚህ እየመጣ ነው። ጋሼ፣ ይነሡ፣ በጓሮ!

ጋሽ ቢተው፦ በጓሮ የሚወጣው ሌባ ነው። ደግሞ እኔን ካጣኝ ቀጥታ ማስተዋል ጋ ነው የሚሄደው። ስልክህን አንሣና ለእሷ ደውል። ጠዋት እናትህ ቤት ሄዳለች፤ ከዚያ እንዳትወጣ በላት፤ ምክንያቱን ማታ እኔ እነግራታለሁ።

ይታገሱ፦ እርስዎስ?

ጋሽ ቢተው፦ እኔ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ይዤ አውቃለሁ። የጮኸ ይገለበጣል። ቀስ ብለህ ማርሽ እየቀነስክ፣ ራሱ እስኪቆም ታወርደዋለህ።

ይታገሱ፦ ጋሼ፣ በሩ ላይ ነው! ምን ልበለው?

ጋሽ ቢተው፦ አንተ ምንም አትበል፤ ዝም አይነቅዝም። …ናሆም ልጄ! መጣህ? ና እስቲ ደግፈኝ፣ ይኼ ጉልበቴ እንቢ ብሏል። አንዲት ፊርማ ጎደለችኝ ይሉኛል፤ በል ቶሎ ውልና ማስረጃ አድርሰኝ።