ሐይቁን የሚያይ መስኮት

ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ መሐንዲስ መሆኑን እንደ ሰሙ ወደ እርሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዳገት ላይ ቤት ይሠራል?»

«ይሠራል እማማ። መሬቱ እንዴት ያለ ነው?»

«ጅዳ ያለችው ልጄ ሐይቁን የሚያይ መስኮት ትፈልጋለች። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ አባቷ የሠራውን እርከን ደለደለልን።»

«የጎርፍ ቦዩንስ?»

«ግቢው እንዲያምር ብለን ደፈንነው።»

«ከዚያ ወዲህ ዘንቧል?»

«ዘንቧል። ከላይ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ባሕር ዛፎቹም ወደ ታች አዘነበሉ።»

«ውሃው መውጫ አጥቶ ዳገቱ እየተንሸራተተ ነው። እዚያ ከሠራችሁ ቤቱ ራሱ ሐይቁን ሊያይ ይወርዳል።»

«አትቀልድብኝ፤ ምን ይሻላል?»

«ቦዩን ክፈቱ፣ እርከኑን መልሱ። ቤቱን ግን ከዳገቱ ራቅ ብላችሁ ሜዳው ላይ ሥሩት።»

«ከዚያ ሐይቁ አይታይም።»

«አይታይም፣ እማማ።»

«ወላሂ፣ ስትደውል የምትጠይቀኝ መስኮቱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሏታል?»

«አንቺ ብቻ ነይልኝ፣ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብለን እናየዋለን እላታለሁ።»

መውረጃዬ ቢደርስም «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍሁት።