የኮፒ ቤቷ ማህተም

«ጋሼ፣ ማህተም የሌለው ኮፒ ለማንም አንሰጥም» ትለኛለች፣ ካዛንቺስ ያለች የኮፒ ቤት ባለቤት። የምጠይቃት ራሴ የጻፍኩትን ጥናት ነው። ያሳተመው ጆርናል መብቱን አስፈርሞ ከወሰደብኝ በኋላ፣ ካልከፈልክ አታየውም ብሎኛል፤ እሷ ግን እየጠረዘች ለተማሪ ትሸጠዋለች። ለማዕረግ እድገቴ ዛሬ ካላስገባሁት አለፈኝ። ከእሷ እንዳልገዛው ደግሞ፣ «ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» የሚለው የሱቋ ማህተም ስሜን ድፍን አድርጎ ሸፍኖታል።

«እህቴ፣ ጸሐፊው እኮ እኔ ነኝ!»

«ይሁኑ። ማለቴ፣ ጎረቤት ያለው ኮፒ ቤት የኛን እየገለበጠ ሲሸጥ ዝም እንበል? የሰው ልፋት አይደል እንዴ?»

«ነው እንጂ» ስላት ሳቄ አመለጠኝ።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ያ ጎረቤቴ ነው አይደል የላከዎት? በቃ፣ ይውጡልኝ!» አለችና በሩን ከኋላዬ ጠረቀመችው።