የወንድሙ ድርሻ
ይኸውላችሁ፣ በንጉሡ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ኦቢ ለሚባል ናይጄሪያዊ መምህር ቤት አከራይቼ ነበር፤ ዘሩ ኢግቦ ነው። አንድ እሑድ ጓሮ ብወጣ ቆንጨራ ጨብጦ ብቻውን ያወራል! በአቅራቢያችን ባሉት ሲሬና አኖ ከተሞች የሚያስተምሩት ያገሩ ሰዎች ከበውት ቆመዋል። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። «አይፍሩ አዴ፤ የአዲስ ምርት በዓላችን ነው። ባገራችን ሥራ ሥር ፈንታ ይህን አንጮቴ ከመቁረጤ በፊት ሙታኖቻችንን በስም እየጠራሁ አጠጣቸዋለሁ» አለኝና አረቄውን ከመለኪያው መሬት ላይ ጠብ ማድረጉን ቀጠለ። ድንገት እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምነው ልጄ?»

«ወንድሜ... አገሬ ጦርነት ነው፤ ወሬው ጠፍቷል። በሕይወት ካለ፣ ብጠራው ገደልኩት። ሞቶ ከሆነ፣ ብዘለው ተጠምቶ ቀረ።»

መለኪያውን ነጥቄ ጨለጥኩትና «በሕይወት አለ!» አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ግን እስከ ዛሬ በሬ በተንኳኳ ቁጥር፣ ድርሻውን የጠጣሁበት ሰው የመጣ ይመስለኛል።