በራሱ የሚነድ ቤንዚን

ዝናብ አባሮኝ ዘው ብዬ የገባሁት «ሐኪሙ» የሚባሉት ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ ነበር። ይህን ስም ያወጣላቸው ጆሯቸው ነው፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጡና በሽታውን ይናገራሉ። ሰውም አምኗቸው ኖሯል። የዚያን ዕለት ግን የአንድ አዲስ መኪና ሞተር ተበታትኖ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ኢንጂነሯ የእህታቸው ልጅም ራሷን ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይጠይቁኝ ፈቱት?»

«ምኑን ልጠይቅሽ? ያንኳኳል! ቤንዚን በራሱ ከነደደ ፒስተን ይበሳል። ይህን አንቺ ሳትወለጂ የማውቀው ነው።»

«ሳይታሰብ ከነደደማ ይበሳል። ይሄ ግን ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው። ብዙ አየርና ጥቂት ቤንዚን ቀላቅሎ፣ ሊነድ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ያምቀዋል። ካንዴላው ትንሽ እሳት ይለኩሳል፤ እሳቷ ስትሰፋ የቀረውን ድብልቅ ትጫነዋለች፤ ያኔ ሁሉም በአንዴ ቦግ ይላል።»

«እንደ ናፍጣ ሞተር?»

«እንደ ናፍጣ፣ ጥቀርሻው ሲቀር።»

«የሚነድበትን ሰዓት ቢስትስ?»

«ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካ መሣሪያ አለ። ኮምፒዩተሩ በየዙሩ እያዳመጠ ያስተካክላል።»

ሽማግሌው «እያዳመጠ» አሉና የያዙትን ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

እኔ አዲስ ነገር ወዳድ ነኝ፤ አፌንም አልቻልኩትም። «ጥቅሙስ ምንድን ነው?» አልኩ። ምነው ዝም ባልኩ!

የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። «አልገባህም እንዴ? አየሩ ከበዛ እሳቱ ለዘብ ይላል፤ ሙቀቱ በከንቱ አይባክንም። ስለዚህ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ የጭሱም መርዝ ይቀንሳል። ልጄ ልክ ናት። እኔ ጤነኛ ሞተር ነው የከፈትኩት። ጤነኛውን!»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ አብረን እንገጥመዋለን።»

«አንቺ ግጠሚው። እኔ የቱ ጤና፣ የቱ በሽታ እንደሆነ አሁን አልለይም።»

ለውጡ መልካም ነው፤ አየሩ ቢጸዳ፣ ነዳጅ ቢተርፍ የሚጠላ የለም። ይህን ለአንባቢ መናገር ግዴታዬ ነው። እሳቸው ፊት ግን ደፍሬ አልተናገርኩትም።

በዚህ መሐል አንድ ያረጀ ታክሲ እየተንፈራገጠ ገባ። እንዲህ ያለውን እሳቸው ሺህ ጊዜ አድነዋል፤ ምን እንደነካው እኔ መሃይሙ እንኳ መገመት አያቅተኝም።

«አባባ፣ ምን ሆኖብኝ ነው?» አለ ሾፌሩ።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ፣ «እሷን ጠይቃት» አሉት።