ቦምባ ያልሁት ፖምፓ ነው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ባየሽ ይመር አሊ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ብሉሚንግተን በሚገኝ ሆቴል ክፍል አጽጂ
አድራሻ፦ ኢገን፣ ሚኒሶታ
ቀን፦ ኦክቶበር 12 ቀን 1996፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ የአፓርትመንቱ ኪራይ ቢሮ
አስተርጓሚ፦ አቶ በሪሁን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እሰጣለሁ። ፖሊሱ ረጋ ብዬ እንድናገር ቢያሳስበኝም ለመርጋት ጊዜ የለኝም። እጁን ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሙዘይን እንድሪስ ጎረቤቴና የአገሬ የደሴ ልጅ ነው። ባለቤቱ ሀሲባ ከናይሮቢ ተነስታ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት አየር ማረፊያ ትደርሳለች። ይዛት የምትመጣው ልጃቸው ቱባ እሱ ከአገር ከወጣ በኋላ ስለተወለደች አባቷን የምታውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ካልተቀበላቸው ሀሲባ በሰው አገር ማንን ትጠይቅ? ስለዚህ ቃሌ ቶሎ እንዲጻፍልኝ አመለክታለሁ።

ትናንት ሙዘይን ከሥራ ሲመለስ መኪናው እዚሁ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ጸጥ አለበት። የሰው መኪና ልለምንልህ ብለው፣ "እትዬ ባየሽ፣ ልጄንማ በሰው መኪና አልቀበልም" አለኝ። ግትር ነው፤ ይህም ይጻፍልኝ። አዲስ አበባ ሳለ ጋራዥ ይሠራ ስለነበር ቁልፉን ከፍቶ ከኋላ ከታንከሩ በኩል ድምፅ ሲያጣ ፖምፓው እንደሞተ ነገረኝ። ፖምፓ ማለት ከታንከሩ ውስጥ ተቀምጦ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚገፋው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዕቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ፖምፓ ገዝቶ መጣ። የባትሪውን ገመድ ነቀለ፣ ቤንዚኑን በቀይ ጄሪካን ገለበጠ፣ ታንከሩንም ፈትቶ አወረደ። ፖምፓውን የያዘው ቀለበት በብረት ቢመታ እሳት ይተፋል ስላለኝ የእንጨት ዘነዘናዬን ከቤት አምጥቼ ሰጠሁት። ከእንግዲህ በርበሬዬ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ይሁን፣ ለቱባ ነው። አሮጌው ፖምፓ ከስሎ ወጣ። አዲሱን ቤንዚን እንዳያፈስ ከሚይዘው ጎማ ጋር አስገብቶ ታንከሩን መልሶ አሰረ። የቀረው ቤንዚኑን መመለስና ባትሪውን መቀጠል ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሽማግሌ ጎረቤታችን የተለኮሰ ሲጋራ እንደያዘ ጄሪካኑ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ነፍሴ ልትወጣ! እንግሊዝኛዬን ሁሉ ሰብስቤ፣ "ኖ ስሞክ! ቦምባ! ቦምባ ኢን ታንክ! ጎ!" ብዬ ጮህሁበት። በእኛ ቤት ፓስታ ባስታ ነው፣ ፖሊስም ቦሊስ ነው፤ "ፓ" የምትባለው ፊደል አፋችን ላይ አትቀመጥም። ሽማግሌው ሲጋራውን በጫማው አጥፍቶ ሮጠ። እኔም እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብዬ መረቅሁት።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች መጥተው ሰውን ሁሉ ከሕንፃው አስወጡ። ሙዘይንን ታንከሩ ውስጥ ምን እንዳስገባ ጠየቁት። እሱም እንደኔው ነውና በኩራት፣ "የስ ሰር! ኒው ቦምባ! ቬሪ ጉድ ቦምባ!" አላቸው። ወዲያው መሬት ላይ አስተኝተው አሰሩት። ሲያስሩት እንኳ የጠየቀው ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። በዚያን ጊዜ አለቀስሁ።

ቦምባ ያልሁት በእንግሊዝኛ ቦምብ፣ ፈንጂ ተብሎ እንደተሰማ አቶ በሪሁን እዚህ ቢሮ ሲያስረዱኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። እሳቸውም ወረቀት አፌ ፊት ይዘው "ፓ" በይ፣ ወረቀቱ ካልተነቃነቀ "ባ" ብለሻል አሉኝ። ሁለት ጊዜ ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው በሙዘይን ስም ብዬ "ፓ!" ስል ከእጃቸው አመለጠ። ተኮሳትሮ የነበረው ፖሊስ ሳቀ፤ ጓደኛውንም ጠርቶ አሮጌውን ፖምፓ እንዲያይ ላከው።

ይህን ስናገር በመስኮቱ እንደማየው የሙዘይን እጅ ተፈትቷል። የተላከው ፖሊስ ራሱ ማጥለያውን ይዞለት ቤንዚኑን እየመለሱ ነው። አሁን ባትሪውን ቀጠለ። ገባ። ሞተሩ ተነሣ! እልልልል! እልልታዬም ከቃሌ ጋር እንዲመዘገብ አመለክታለሁ። ሙዘይን ጥሩምባውን እየነፋ በመስኮት፣ "እትዬ ባየሽ፣ ይውጡ እንጂ! ልጄ ደረሰችብኝ!" እያለ ነው።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። እውነት ነው፤ የሳትሁት አንዲት ፊደል ብቻ ናት፣ እሷንም እዚሁ አርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ባየሽ ይመር (ቆማ የፈረመች)
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ በሪሁን
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ (በሌላ እስክሪብቶ የተፈረመ፤ ምስክሯ የመጀመሪያውን ይዛ ሮጣለች)