የጋዙ መብራት ለቅዳሜ አይደርስም

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በታክሲ ስንሄድ፣ ከፊቴ ሩዝ በጆንያ የያዘች ባልቴትና አንድ መምህር ያወሩ ነበር።

«ሩዙን ሳያስፈለፍሉ መለሱት፣ እናቴ?»

«መብራት የለማ! ሳምንት ሙሉ መፈልፈያው ቤት ተቀመጠ። ቅዳሜ የባሌ ተዝካር ነው።»

«ወደፊት በጋዝም መብራት ሊያመነጩ ነው አሉ። ከመሬት የሚወጣውን ጋዝ እያነደዱ ማሽኑን ያዞሩበታል። የግድብ ውኃ ሲያንስ እሱ ያግዛል።»

«ፎገራ መች ውኃ አንሶት ያውቃል? ክረምት ክረምት ቤታችን ይገባ የለ!»

«የግድቡን ነው የምልዎ።»

«ጋዙ ለቅዳሜ ይደርሳል?»

«ኧረ እናቴ፣ ገና ዓመታት ይፈጃል።»

«እንግዲያ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ይሰባበራል እንጂ ምን አባቱ! እንግዳው ቢያማኝ ሟቹ አያማኝ።»

እኔም የክንዷን መክሳት አየሁ።