«የሳሊሐ ቀን» ይቅርብኝ፣ ጥላችን ይመለስ

ሐጂ መሐሙድ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የላውንደሪና የሃውስኪፒንግ ጓደኞቼ፣ ክቡር ኮሚሽነርም፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሺፍት በኋላ እግራችሁ እያበጠ ይህን አዳራሽ ያሰናዳችሁልኝ፣ ምግቡን የሠራችሁልኝ፣ እጃችሁ ይባረክ። ናጃት፣ ሳምቡሳው ጨው በዝቶበታል፤ ቢሆንም አላህ ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣ ሰው እውነቱን ቢናገር ማን ከሥራ ያባርረዋል ብዬ ነው።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ለምን እንዳሳጠርኩት ኋላ ይገባችኋል።

አማል፣ ልጄ፣ ከኮሚሽነሩ አጠገብ ተቀምጠሽ የምትተረጉሚላቸው አንቺ ነሽ። እያለሳለስሽ እንዳትነግሪያቸው። አማርኛሽ ያለቀብሽ ቦታ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂኝ።

ሰሞኑን ናጃት «ሰርፕራይዝ አለሽ» አለችኝ። ሰርፕራይዙ ምን መሰላችሁ? ኮሚሽነሩ ዛሬን «የሳሊሐ ቀን» ብለው ሰይመው፣ ማኅተም ያለበት ሰርተፊኬት ይዘው መጥተዋል። ያው በፍሬም ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ናጃት ደግሞ «ንግግርሽ ላይ አመስግኛቸው፤ ምርጫ ደርሷል፣ ወዳጅ ይሁኑን» ብላ መከረችኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከሆቴላችን የሠራተኛ በር ፊት ለፊት ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ጥላው የት ሄደ? አግዳሚውንም ጥላውንም ነቅለው ወሰዱት። ቤት የሌላቸው ሰዎች ያድሩበታል ተባለ። እነዚያ ሰዎች ቤት አገኙ? አላገኙም። እኛስ ጥላ አለን? የለንም። አሁን እነሱም እኛም ፀሐይ ላይ ነን።

ኮሚሽነሩ ለአካባቢያችን ምክር ቤት ምርጫ ሲወዳደሩ ሰፈራችን ዊንቸስተር መጥተው አብረውን አፈጠሩ። እኛስ ጾመን ነበር፤ እሳቸው እንዴት እንደዚያ እንደራባቸው አላውቅም። ከሐጂ ጋር ፎቶ ተነሡ። «ሰመር ሳይገባ ጥላችሁ ይመለሳል» ብለው ቃል ገቡልን። በሳምንቱ ሐጂ በየበራችን በተጣለው የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ላይ ከኮሚሽነሩ ጎን ፈገግ ብለው ወጡ። ሐጂ፣ ፎቶው አምሮብዎት ነበር። ሰውየው ተመረጡ፤ ጥላው ግን አልመጣም።

ዝም ሲሉን ጊዜ ተሰብስበን ምክር ቤቱ ድረስ ሄድን። እዚያ ማንም ሰው ተነሥቶ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። መንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ ከኪችን የመጣው ፈድሉ ሲያደርቀን ነበር። «ባክሽ ተይኝ ሳሊሐ፣ እዚህም እዚያም ያው ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ንጉሥ ከየት አመጣህ? አንተው መርጠኸው የተቀመጠ ሰው ነው» አልኩት።

አማል ከኋላ ወንበር «ማሚ ልክ ናት፤ እሱ እኮ ለኛ ነው ወርክ የሚያደርገው» አለች።

«ሠራተኛችን ከሆነ፣ እሱ ሲገባ ለምን እኛ ብድግ እንላለን?» ብሎ ሳቀባት።  

ደረስን። ማን ይናገር? እንደ ልማዳችን ታላቅ ይቅደም ተባለና ሐጂ ተነሡ። ሐጂ፣ እወድዎታለሁ፣ ዛሬ ይቅር ይበሉኝ። ሊቀመንበሯን ሰላም አሉ። አባላቱን ሰላም አሉ። የቤተሰባቸውን ደኅንነት ጠየቁ። የአሜሪካን ሕዝብ፣ የኔቫዳን ሕዝብ፣ በር ላይ የፈተሸንን ዘበኛ ሳይቀር አመሰገኑ። ኮሚሽነሩን ደግሞ አብረውን ስላፈጠሩ ለብቻቸው አመሰገኑ። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰላም ሳይባባሉ ችግር መዘርገፍ ብልግና ይመስለናል። ሐጂ «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን ስንመጣ» ሲሉ ቀይ መብራት በራ። «ታንክ ዩ ሰር፣ ኔክስት» ተባለ። ኮሚሽነሩ አጨበጨቡ።

ቀጥሎ የኔ ስም ተጠራ። ስነሣ ቀሚሴን ይዛችሁ ጎትታችሁ አስቀመጣችሁኝ። «ሐጂ ተናግረው አንቺ ምን ልትጨምሪ? ነውር ነው» አላችሁ። እሺ፣ ታላቅ በተናገረበት መናገር ነውር ነው። በዚያ ሙቀት ከሰው ራስ ላይ ጥላ መንቀልስ ምን ይባላል?

ሐምሌ ላይ ትብለጥ ወደቀች። ላውንደሪ ውስጥ ከኔ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዛ አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ሴት፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ራሷን ስታ አስፋልቱ ላይ ተዘረረች። የዚህ ከተማ አስፋልት በሐምሌ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አምቡላንስ እስኪደርስ ክንዷና ጉንጯ ተቃጠለ። ቀኝ እጇ ዛሬም አይታጠፍላትም። ከሥራ ወጣች። ያቻትላችሁ፣ ኋላ ተቀምጣለች፤ በግራ እጇ ነው የምትበላው።

ከሆስፒታል እንደተመለስን እኔና አማል ኮሚሽነሩ ቢሮ ሄድን። ምን አሉኝ? «ከእናንተ ኮሙኒቲ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም። የሰማሁት ምስጋና ነው።» «ያፈጠሩ ዕለት ቃል ገብተውልን ነበር» አልኳቸው። «ምግቡ ግሩም እንደነበር አስታውሳለሁ» አሉኝ። ወላሂ እንዲህ ነው ያሉኝ። እኔ በዚያ ቀን የተናደድኩት በሳቸው ብቻ አይደለም። በእናንተም ተናድጃለሁ፤ ንዴቱ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

አንዳንዶቻችሁ አሁን በሆዳችሁ «ሥራዋን ስትለቅ ነው አፏ የተከፈተው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያላችሁ ነው። ጅቡ የት ሄደ? የምሄደው እኔ ነኝ። አማል፣ ይቺን እንኳ ዝለያት።

እኔማ ሮድስ ራንች የሚባለው የጎልፍ ሰፈር፣ ትልቁ ልጄ ቤት ልገባ ነው። እዚያ ጎልፍ የሚጫወቱት ሰዎች ተራቸው እስኪደርስ የሚቆሙበት ጥላ አላቸው። ከእንግዲህ አውቶቡስ አልጠብቅም። ስለዚህ ለራሷ ብላ ነው እንዳትሉኝ።

ማክሰኞ የፌርማታው ጉዳይ ምክር ቤት ይቀርባል። ያኔ ካልተወሰነ ይህም ሰመር አለፈ ማለት ነው፤ ቀጥሎ ማን እንደሚወድቅ አላህ ያውቃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትሉኛላችሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውስ የማን ተረት ነው? ሰላምታውን እዚሁ ጨርሱት። እዚያ ስትደርሱ «ጥላችንን መልሱ» ብላችሁ ጀምሩ። ሐጂ፣ እርስዎ እንደ ልማዳችን ቀድመው ይነሡ፤ የምትናገረው ግን ትብለጥ ትሁን። እርስዎ ከጎኗ ይቁሙላት። ታላቅ የቆመላትን ማን ጎትቶ ያስቀምጣታል?

ክቡር ኮሚሽነር፣ እንግዳችን ነዎት፤ ያቀረብንልዎትን ይብሉ። ሰርተፊኬቱን ግን ይዘውት ይመለሱ። ቀኑ የአላህ ነው። ከእርስዎ የጠየቅነው ጥላ ነው።

በሉ ልመርቅና ልቀመጥ፤ እጃችሁን ዘርጉ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ወገባችሁ አይጉበጥ፣ ቲፓችሁ አይንጠፍ። የትብለጥን እጅ ፈጣሪ ይመልስላት። ማክሰኞ አንደበታችሁን ይፍታው። ኮሚሽነራችንንም፣ ፈጣሪ ሌላ ሹመት ከመስጠቱ በፊት፣ በሐምሌ ቀትር ከኛ ፌርማታ አቁሞ አንድ አውቶቡስ ያስጠብቃቸው።

ምነው? እስካሁን አሚን ስትሉ ድምፃችሁ ጣራ ሲነካ ነበር፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ምነው ጸጥ አላችሁ? አማል ተርጉማላቸዋለች፤ እሳቸውም እያዩዋችሁ ነው። አሚን በሉ እንጂ።